ከሐረጎ ዳገት የታየች ደሴት

ሰው አገር ለማየት ፓስፖርት ያወጣል፤ እኔ ልጅ ወለድኩ። አትሳቁብኝ። ልጅ ከወለዳችሁ በኋላ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድም ባሕር መሻገር ነው፤ ፎጣው፣ ጡጦው፣ ቅያሪ ልብሱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍርሃቱ። ንባቤ ከሱቅ ታፔላ ብዙም አያልፍም፤ በፍርሃት ግን ማንም አይቀድመኝ።

ያን ቀን ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራውን ባሌን ጠይቄ ወደ ደሴ እየተመለስኩ ነው። ሰሚራዬ ገና ከትኩሳት መዳኗ ነው። አማቴ፣ "ዓይን እንዳይገባት ሸፍነሽ ያዣት" ብለውኛል። ሚኒባሱ አየር ማረፊያው አጠገብ ሲቆም አንዲት ዘይነባ የምትባል የደሴ ልጅና ፀጉራቸው የነጣ አንዲት ፈረንጅ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። አሮጊቷ የዘይነባ ባል እናት ናቸው፤ የሚኖሩትም ባሕር መሃል ያለች ደሴት ላይ።

የሐረጎን ዳገት ስንጀምር አሮጊቷ የሰሚራን መሸፈኛ ሻሽ ገለጥ አድርገው ልጄን አዩና ፈገግ አሉ። መለስኩት። ደግመው ገለጡት፤ እኔም መለስኩት።

"አብሽሪ፣ እማማ ልጅ ይወዳሉ" አለች ዘይነባ።

"ወላሂ እኔስ እሱን ነው የምፈራው።"

ልቤ እንዲረጋ ብላ የደሴቷን ፎቶዎች ከፍታ ስልኳን አቀበለችኝ። እንዲያ ያለ አገር አይቼ አላውቅም። ዛፍ የሚባል የለ፤ ድንጋይ፣ ጭጋግ፣ መንገድ ዘግተው የተኙ በጎች፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ የሚፎክር ባሕር። የደሴ ብርድ እዚያ በጋ ነው አለችኝ። ሲመሽ ተሰብስበው በራሳቸው ቋንቋ ይዘፍናሉ፣ ተረት ያወራሉ፤ ቋንቋው ጌሊክ ይባላል። እኔ ፈረንጅ ሁሉ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

"እንግሊዝኛው ለቢሮ ነው" አለች። "ለበጎቻቸውና ለልጅ ልጃቸው ግን ጌሊክ ነው።"

ቀጥሎ የልጇ ፎቶ መጣ፤ ትምህርት እንዳያመልጠው ከአባቱ ጋር የቀረው፣ ጠቦት አቅፎ። ግንባሩ የወሎ፣ ፀጉሩ የባሕር ማዶ።

"ኧረ ምን የመሰለ ቆንጆ ነው፣ ዓይኑ ብቻ" አልኩ ደጋግሜ።

አሮጊቷ ምን እንዳልኩ ጠየቁ፤ ዘይነባ ነገረቻቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። ስልኩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና የልጁን ፊት በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"ምን አጠፋሁ?"

ዘይነባ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "እነ እማማ አገር ልጅ ሲደነቅ አብሮ ይመረቃል። ያለ ምርቃት የሚያደንቅ ዓይኑ ክፉ ነው ይላሉ። አንቺም ማሻአላህ አላልሽም እኮ" አለችኝ።

ወላሂ አላልኩም። ለራሴ ልጅ ቡዳ ስፈራ፣ ለሰው ልጅ ራሴ ቡዳ ሆኜ አረፍኩት። "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድግልዎ" አልኩ ቶሎ ብዬ። ዘይነባ ሳትተረጉመው መዳፋቸው ተነሣ።

የሰሚራን ሻሽ ያኔ ራሴ ገለጥኩት። አሮጊቷ በዚያ በደሴታቸው ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር አሉላት፤ ምርቃት ነው። አሜን አልኩ። ወሎ ተወልዶ፣ አልገባኝም ብሎ ምርቃት የሚመልስ የለም።

ቤት ስደርስ አማቴ በር ላይ ናቸው። "ሰው አያት?"

"አንዲት ፈረንጅ።"

"ውይ፣ እንዴት ፈቀድሽ?"

"እሳቸውስ የልጅ ልጃቸውን ለኔ አሳይተው የለ?"

አልሐምዱሊላህ፣ የሰሚራ ትኩሳት አልተመለሰም። የደሴቷ ልጅ ግን አሳስቦኛል። ከሰላት በኋላ ለሰሚራ ዱዓ ሳደርግ እሱንም እጨምረዋለሁ። እኔ ያየሁት ልጅ ነዋ።