የጋሼ ይጠና የአይስክሬም ጥናት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበሩን ለዚያች ለቆመችው ልቀቁላትና እናንተ ምንጣፉ ላይ ተደላደሉ። የምነግራችሁ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ስለሆነ እግር ዘርግቶ፣ ልብ ሰጥቶ መስማት ይፈልጋል። ታላቅ ስላችሁ ጦር የመራ ወይም ድልድይ የሠራ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ከዚያ የሚከብደውን ነው የሠሩት። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ ጥናት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው፣ አንድም ዕቃ ሳይገዙ በክብር ጡረታ ወጡ።

ስማቸውን ተዉት። መሥሪያ ቤቱም ጎረቤቱም «ጋሼ ይጠና» ነው የሚላቸው። የግዢ ጥያቄ ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ መነጽራቸውን ዝቅ፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ያነቡና በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይጠና» ብለው ይፈርሙበታል። ሠራተኛው በሙቀት አለቅን፣ ማራገቢያ ይገዛልን ብሎ አመለከተ። ይጠና። ጥናቱ ተጠናቆ ሲቀርብ ብርድ ገብቶ ኖሮ፣ ጋሼ ይጠና «ፍላጎቱ በራሱ ጊዜ የተወገደ በመሆኑ ፋይሉ ተዘግቷል» ብለው ጻፉ። በሳምንቱ ያው ሠራተኛ ማሞቂያ ጠየቀ። የሚያፈሰው ጣሪያም ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ተጠንቶ፣ ዝናቡ ሲያባራ ማፍሰሱን ማቆሙ በማስረጃ ተረጋገጠ። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው የግድግዳ ሰዓት ሊሸልሟቸው ተስማምተው ነበር። ይኸው ስድስት ዓመት ሞላ፤ ሰዓቱ እሳቸው ራሳቸው ባወጡት መመሪያ መሠረት እስከ ዛሬ በጥናት ላይ ነው። ጋሼ ይጠና ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ያሠለጠኗቸው ልጆች አላሳፈሯቸውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ቤት ተቀምጦ ዝገት ሊበላው ሲል እናታቸው ታመሙ።

የሰማንያ አራት ዓመቷ እናት ሆስፒታል ሰንብተው ሲወጡ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርተዋል። አርባ አንድ ኪሎ። ሐኪሙ ጋሼ ይጠናን ወደ ኮሪደሩ ወሰድ አድርጎ፣ እናትዎ ክብደት ካልጨመሩ በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ተመልሰው ከመጡ ደግሞ እኔ ቃል አልገባም አላቸው። ያማራቸውን ስጧቸው፣ በቀን ትንሽ ትንሽም አራምዷቸው አለ። ጋሼ ይጠና ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ለጥቂት ጊዜ ምንም ማጥናት አቃታቸው።

ቤት ሲገቡ ለእናቲቱ ሾርባ ቀረበላቸው፤ ገፋ አደረጉት። እንቁላል ቀረበ፤ ፊታቸውን አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ አይስክሬም አማረኝ አሉ። የሱቁን አይደለም፣ እሱ ሳሙና ሳሙና ይለኛል። ቤት ውስጥ በወተት የሚሠራ ማሽን አለ፤ ሆስፒታል አጠገቤ ተኝታ የነበረችው ሴትዮ ልጇ በዚያ እየሠራ ያመጣላት ነበር፣ አቅምሳኛለች አሉ።

ከአባቷና ከአያቷ ጋር የምትኖረው አስተማሪዋ ልጃቸው ቦርሳዋን አነሳች።

«አሁኑኑ ሄጄ እገዛዋለሁ።»

ጋሼ ይጠና መዳፋቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ከፍ አደረጉ።

«ቆይ። መጀመሪያ ይጠና።»

«አባዬ፣ ለእማማ እኮ ነው።»

«ለእማዬ ስለሆነ ነዋ የሚጠናው።»

እንዲህ ሲሉ ደግሞ አፋቸው ብቻ አልነበረም። ለማራገቢያውም ለጣሪያውም ያልሰጡትን ልባቸውን ነው ለዚህ የሰጡት። ለእናታቸው የዕድሜ ልካቸውን ምርጥ ጥናት ሊያበረክቱ ቆርጠው ተነሱ።

በማግሥቱ ጠዋት የፍሪጁ በር ላይ «የአይስክሬም ፍላጎት መመዝገቢያ ቅጽ» ተለጥፎ ተገኘ። ቀን፣ ሰዓት፣ የፈላጊው ስም፣ የፍላጎቱ መጠን፣ ፊርማ። መጠኑ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አሉት። ዓይናቸው የደከመው እናት ቅጹ አልጋቸው ድረስ ሲመጣላቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው በሦስቱም ሣጥን ላይ አሳረፉ። ጋሼ ይጠናም፣ እማዬ አንዱን ብቻ ነው የሚመረጠው ብለው በትዕግሥት አዲስ ቅጽ አስሞሏቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ፍላጎት ተመዘገበ። አሥራ አምስቱ የአውራ ጣት ነው።

ጥናት ደግሞ በቤተሰብ አይወሰንም። ባለድርሻ አካላት መጠየቅ ስላለባቸው ጋሼ ይጠና መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ወዳለችው ልብስ ሰፊ ወረዱ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ሙሉ ስፒል ነክሳ የአንድ ቀሚስ ጫፍ ታጥፋለች። በአይስክሬም ላይ ያላትን አመለካከት ጠየቋት። ስፒሉን እንደነከሰች፣ ከተገኘ እበላለሁ አለች። «ምላሽ ሰጪዋ አቋሟን በግልጽ አላስቀመጠችም» ብለው መዘገቡ። ከዚያ የጥናቱን ዓላማ፣ የእናታቸውን ነገርና የሐኪሙን ቃል ዘርዝረው አስረዷት። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ትንሿ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች።

«ጋሼ፣ እና እማማ እስከዚያ ምን ሊበሉ ነው?»

«እሱ በምዕራፍ ሁለት ይዳሰሳል።»

ምዕራፍ ሁለት እንደ ተጀመረ ጥናቱ ፍሬ ማፍራት ያዘ። በሁለተኛው ሳምንት የተመዘገበው ፍላጎት አራት ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጹ ንጹሕ ወረቀት ሆኖ ዋለ። ጋሼ ይጠና ጠዋት ጠዋት ፍሪጁ ፊት ቆመው ባዶውን ሠንጠረዥ ሲያዩ፣ የማራገቢያው ፋይል የተዘጋበት ቀን ትዝ ይላቸዋል።

እናቲቱም እግር አወጡ። ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው የነበሩት ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ሲል ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ይቆማሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን የልጅ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ለእግር ጉዞ ታወርዳቸዋለች። ሐኪም ያዘዘው ስለሆነ ጋሼ ይጠና ፈቅደው ፈርመውበታል። ዝናብ አያስቀራቸውም። እሑድ እሑድማ ሁለት ጊዜ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ከንፈራቸው ወዝቶ፣ ጉንጫቸው ሞልቶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ይጠና ሚዛን ላይ ያቆሟቸዋል። አርባ አንድ የነበረው አርባ ሁለት ተኩል፣ ከዚያ አርባ አራት፣ ከዚያ አርባ አምስት። አርባ አምስት ያለ ዕለት ጋሼ ይጠና ወደ መስኮቱ ዞር ብለው መነጽራቸውን ረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ «የእግር ጉዞው ውጤት» በሚለው ሥር አሰፈሩት።

ሌሎች ግኝቶችም ነበሩ። የቤቱ ወተት ፍጆታ በእጥፍ አደገ፤ ቤተሰቡ ከአይስክሬም ፊቱን ወደ ጤናማ ምግብ ማዞሩን የሚያሳይ አበረታች ምልክት ተባለ። ከመሳቢያው ሦስት ማንኪያ ጠፋ፤ ጉዳዩ ከዋናው ጥናት ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው «ስለ ማንኪያዎች መሰወር» የሚል ራሱን የቻለ መዝገብ ተከፈተለት። አንድ ቀን ደግሞ ጋሼ ይጠና በረዶ ሊያወጡ ፍሪዘሩን ሲከፍቱ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ክብ፣ ባዶ ጎድጓዳ ዕቃ ተቀምጦ አገኙ።

«ልጄ፣ ይህ ባዶ ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል?»

አስተማሪዋ ከምታርመው ደብተር ላይ ቀና ሳትል መለሰች።

«በጥናት ላይ ነው አባዬ።»

ጋሼ ይጠና ራሳቸውን ነቀነቁ። በመካሄድ ላይ ባለ የሌላ ሰው ጥናት ጣልቃ ገብተው አያውቁም። የፍሪዘሩን በር ሕፃን እንዳይነቃ የሚዘጋ ሰው እንደሚዘጋው በቀስታ ዘጉት።

በሃያ ሦስተኛው ቀን የማጠቃለያው ጉባኤ ተጠራ። ጋሼ ይጠና ኮት ለብሰው፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠገባቸው አስቀምጠው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ጉባኤተኞቹ፣ ማለትም እናታቸውና ልጃቸው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። እናቲቱ ጫማቸውን አድርገዋል።

«ክቡራትና ክቡራን» ብለው ጀመሩ፤ ክቡራን እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ከላይ በዝርዝር እንደተመለከተው፣ በጥናቱ መነሻ ላይ ከፍተኛ የነበረው የአይስክሬም ፍላጎት ተገቢው ክትትል ስለተደረገበት ሙሉ በሙሉ ሊወገድ ችሏል። ከሁሉም በላይ፣ እናታችን ያለ አንዳች ማሽን አራት ኪሎ ጨምረዋል። በመሆኑም አይስክሬም መሥሪያው እንዳይገዛ...»

አስተማሪዋ የእጅ ሰዓቷን አየች። እናቲቱ የሶፋውን እጀታ ይዘው ብድግ አሉ።

«ጨረስክ ልጄ?»

«አንቀጽ ሰባት ቀርቷል እማዬ።»

«ይቀልጣል።»

«ምኑ ነው የሚቀልጠው?»

እናቲቱ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው ወጡ። ጋሼ ይጠና በዕድሜያቸው አንቀጽ ሳይነበብ ጉባኤ በትነው አያውቁምና፣ ሪፖርቱን እንደያዙ ተከትለው ደረጃውን እየወረዱ አንቀጽ ሰባትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ቀጠሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ «የአፈጻጸም አቅጣጫዎች» የሚለው ላይ ደረሱ። ምድር ቤት ሲደርሱ ግን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሪፖርቱን ከዓይናቸው ዝቅ አደረጉ።

መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ በጠመኔና በሜትር መሐል፣ አንድ ነጭ ማሽን እንደ ጠገበ ድመት እያንኮራፋ ይዞራል። ውስጡ ያ ከፍሪዘራቸው የሚያውቁት ክብ ዕቃ አለ። አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ቆሟል። ማንኪያዎቹንም ያውቋቸዋል።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ሳበችላቸው። ዕቃው አድሮ በረዶ ካልሆነ አይስክሬሙ አይረጋም፤ የእኔ ፍሪጅ ፍሪዘር ስለሌለው ነው ጋሼ፣ ዕቃውን እርስዎ ጋ ያሳደርነው፤ ይቅርታ ያድርጉልን አለቻቸው።

ጋሼ ይጠና ወንበሩን አላዩትም።

«ማን ነው ይህን የገዛው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እናቲቱ፣ መቀመጫቸው ላይ እየተመቻቹ። «ይህችን ልጅ አቋምሽ ምንድን ነው ብለህ ጠይቀህ የወጣህ ዕለት። አልጋዬ ድረስ መጣች፣ ገንዘብ ሰጠኋትና ሱቅ ሄደች፣ እኔ ተኝቼ ጠበቅኩ። ከሰዓቱ ሳያልቅ ጨረስነው።»

«በአንድ ከሰዓት? ያለ ጥናት?»

«ራበኝ እኮ፣ ልጄ።»

ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን አጥፍታ ለእናቲቱ ጨለፈችላቸው። ጋሼ ይጠና ሪፖርቱን ገለጡና አርባ አምስት የሚለውን አዩት። ከዚያ እናታቸውን አዩ፤ ማንኪያ ይዘው፣ ጉንጫቸውን ሞልተው፣ አገጫቸው ላይ አንድ ነጭ ጠብታ ይዘው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ወንበሩን አገኙትና ተቀመጡበት። መሐረባቸውን አውጥተው ጠብታዋን ጠረጉላቸው። ልጃቸው ከኋላ መጥታ አንድ ሳህን ሞልታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

ቀመሱ። እንደገና ቀመሱ። ሦስተኛውን ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ከኮታቸው ኪስ ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቃል ብቻ በጻፈው እጃቸው ክዳኑን ነቀሉ። ከዚያ በሪፖርቱ ጠርዝ ላይ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ከባዶው ሳህን ጋር ለእናታቸው አቀረቡ።

«ምን ይላል?» አሉ እናቲቱ።

አስተማሪዋ አነበበች። «'ይጨመር' ይላል እማማ።»

እናቲቱ ሳህኑን ተቀበሉ። የጋሼ ይጠናን መነጽር ከአፍንጫቸው ላይ አንስተው የራሳቸው አፍንጫ ላይ አደረጉ። ዝቅ አደረጉት። ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ሳህኑን ከላይ አዩት፣ ከታች አዩት፣ ገልብጠው ሥሩን አዩት።

«ይጠና» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስፒሎቿን መሬት ላይ በተነች። እውነቱን ለመናገር ጥናቱ ብዙም አልፈጀም። ማንኪያ ተነስቶ ሳህኑ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

በሉ ተነሱ፣ ጉልበቴም ደነዘዘ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንዲት ነገር ልለምናችሁ። ነገ ተምራችሁ፣ ወንበር ይዛችሁ፣ ቀይ እስክሪብቶ ኪሳችሁ ውስጥ ሲገባ፣ አንድ የደከመ ሰው አጠገባችሁ ዓይኑን ጨፍኖ «አማረኝ» ቢላችሁ፣ ቅጹን ከመዘርጋታችሁ በፊት ማንኪያውን አንሱ። የሚቀልጥ ነገር አለ። ይህቺን አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።