አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ኮምፒዩተር

እኛ አገር ሰው አፉን ሲፈታ ሁለት መልሶች አብረው ይፈቱለታል። «ብላ» ሲሉት «በልቻለሁ» ይላል፤ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» ይላል። ሆዱ ባዶ ይሁን፣ ቤቱ ይቃጠል፣ መልሱ አይለወጥም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን ሁለቱም መልሶች መልስ አይደሉም። ጠያቂው እንደገና እስኪጠይቅ ድረስ ቦታ መያዣ ናቸው። «በሞቴ» ሲሉት በልቻለሁ ያለው እጁን ይታጠባል፤ «እውነትህን ነው?» ሲሉት ደህና ነኝ ያለው ዕንባው ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው እኛ ዘንድ አይከርምም። የማያውቅ ኮምፒዩተር ግን ሲከርም አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሠፈራችን በሲቀላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ፣ የንባብ ክፍል አለን። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒዩተሮቹን ጣለልን፤ «ለገሰን» ማለት ነበረብኝ። እኔ መናኸሪያ በር ላይ ሙዝ ከመቸርቸር ተነሥቼ ለሱቅ የበቃሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ስጦታም ቢሆን ሳልቆጥር አልረከብም። ቆጠርኳቸው። ከመጡት የሚነሡት ግማሾቹ ናቸው። የሚነሡትም እንደኔ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ መምህርት ምሕረት ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ጫነችባቸው። በነጻ የሚገኝ፣ ለሽማግሌ ማሽን የሚስማማ ነው አለች። ችግሩ የምርጫው መብዛት ነው። ለመጻፊያ ብቻ ስንት ዓይነት ፕሮግራም! ለአዲስ ሰው ያን ሁሉ ደርድሮ «ምረጥ» ማለት፣ የራበውን እንግዳ ጓዳ አስገብቶ እንደ መሄድ ነው። እንግዳ ይቀርብለታል እንጂ መቼ ያማርጣል? ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ «ነባሪ» ይሰየም ተባለ። ነባሪ ማለት ተጠቃሚው ምንም ሳይል ራሱ ብድግ ብሎ የሚያገለግለው ነው። ስሙን ወደድኩት። እኛን ሽማግሌዎቹን ማን ነባሪ ብሎን ያውቃል? የሚሉን «ቀሪ» ነው።

ኮሚቴ ሆነን ተቀመጥን። የጋሞ ሽማግሌ መቼም ሁሉም እሺ ሳይል ከስብሰባ አይነሣም። ለመጻፊያ ሁለት ዕጩ ቀረበ። አንደኛው ለአሮጌ ማሽን ይከብዳል፤ ግን የተጻፈውን በየመሐሉ ራሱ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ የሚያስቀምጠው ግን ሲዘጋ ጠይቆ ነው።

«ሳይጠይቅ የሰው ዕቃ የሚያነሣ ምን ይባላል?» አለ ከመካከላችን አንዱ።

«ሌባ!» አልን በአንድ አፍ።

ጠያቂው ተመረጠ። መምህርት ምሕረትም ጥያቄውን በአማርኛ፣ ያውም በአክብሮት አደረገችልን፦ «ላስቀምጥልዎ?» ይላል፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ። አጨበጨብን። አንቱ የሚል ኮምፒዩተር የት አይተን እናውቃለን!

የመጀመሪያው ደንበኛ ወዳጄ አንጁሎ ሆነ። አንጁሎ ደጋው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ነው። እኔ ሙዝ ስቸረችር እሱ ጋቢ ይሸጥ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ በአንድ ላስቲክ ተጠልለናል። ድንጉዛ የሚባለውን የጋሞ ሸማ የድሮ ጥለት፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ፣ በሠፈሩ የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀርቷል። ከልጆቹ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ አንዱ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያወጣል። በቅርቡ ደግሞ አንጁሎ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የፍየሉን ማሰሪያ፣ ቀጥሎ ፍየሉን፣ ከዚያ የእኔን ስም ረሳ። ከፍየሉ በኋላ መረሳቴን እንደ ክብር ቆጠርኩት።

«ጥለቱ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው» አለኝ። «አንድ ቀን አንዱ ልጄ ከባጃጁ ወርዶ ቢጠይቅ ማን ይነግረዋል?»

ከዚያ በየገበያው ቀን እየወረደ በሁለት ጣቱ ፊደል ሲለቅም ይውላል። አማርኛውን ጋሞኛው ስለሚጎትተው ኮምፒዩተሩን «እሷ» ይለዋል። ድረ ገጽ የሚባል ነገር እንዳለ ስንነግረው፣ «ድር ካላት ማጓስ የታለ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። በመጣ ቁጥር ነጭ ገጽ ስትከፍትለት፣ ያለፈውን ጠቅልላ አዲስ ድር የዘረጋችለት ይመስለዋል።

«እንዴት ናት?» እለዋለሁ ሲወጣ።

«ጨዋ ናት» ይለኛል። «ስነሣ ሁልጊዜ ላስቀምጥልዎ ትለኛለች።»

ክረምቱ ሲገባ አንጁሎ መውረድ ተወ። የሚያውቀው መንገድ ጠፋበት። መምህርት ምሕረት ጽሑፉን አትማ ልትልክለት ብላ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ አንድ ቃል የለም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ጋሼ፣ እኔኮ ሰምቻቸዋለሁ» አለችኝ። «ሲነሡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ‹አይ ልጄ፣ አትቸገሪ› ሲሉ፣ እኔን መስሎኝ ነበር!»

እንግዲህ ፍረዱ። ጨዋ ሰው በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ይላል? አንጁሎ «አይ»ን ተጭኖ ሁለተኛውን ጥያቄ ነበር የሚጠብቀው። ያውም አንቱ ተብሎ ሲለመን፣ እንዴት አድርጎ ወዲያው አዎ ይበል? ኮምፒዩተሯ ግን «በሞቴ» ማለት አታውቅም። አንዴ ጠየቀች፤ አይ ሲላት የሰውየውን ዕድሜ ጠርጋ ዘጋች። ኮሚቴያችን በማግስቱ ተሰበሰበና ሌባውን ነባሪ አድርጎ ሾመ።

እኔም እውነቱን ልነግረው፣ ከቻለም እንደገና ላስጽፈው፣ ወረቀት ይዤ ኦቾሎ ወጣሁ። አንጁሎ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጧል፤ መወርወሪያው ጭኑ ላይ ተኝቷል። ሚስቱ ቆጮ በዳታ፣ በበርበሬ ማባያችን፣ አቀረበች። «በልቻለሁ» አልኩ። «ኧረ በሞቴ!» አለች። በላሁ።

ከዚያ ቀስ ብዬ፣ «አንጁሎ፣ ድንጉዛው ላይ ከቀዩ ቀጥሎ ምን ይገባል?» አልኩት።

ጣቶቹ ባዶው አየር ላይ ክር ፈለጉ፤ ፈልገው አጡ። ሳቀ።

«እሱንማ ለእሷ ሰጥቻታለሁ» አለ። «እኔ ዘንድ የለም። ከሰጠኋት ወዲህ ራሴ ቀሎኛል፤ እንቅልፌም መጥቶልኛል።» ስሜን ሲፈልግ ፊቴን ትንሽ አየና ተወው። «ለመሆኑ ጽሑፌ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን» አልኩ።

ምን ላድርግ? አፌ ላይ ተጭኖ የመጣው ነባሪ እሱ ነው። እንደገና ቢጠይቀኝ እውነቱን ልነግረው ተዘጋጅቼ፣ ወረቀቴን በእጄ ይዤ ጠበቅሁት። ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ሰው ሁለቴ ሳይጠይቅ የማይለቀው አንጁሎ፣ ያን ቀን ከእሷ ተምሮ ኖሮ፣ አንዴ ጠይቆ ተወኝ።