ጀግና ዚፕ የለውም

መቼአጣሁት፦ ጀግና ዚፕ የለውም አልኩህ! አለቀ!

ቀስበሉ፦ ታዲያ በምን በኩል ገባበት?

መቼአጣሁት፦ ማን?

ቀስበሉ፦ ጀግናው። ልብሱ ውስጥ።

መቼአጣሁት፦ አልገባበትም! አብሮት የተፈጠረ ነው። ዶሮን «ላባሽ ውስጥ በምን በኩል ገባሽ?» ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?

[ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «መቼአጣሁት» ይለዋል፤ ምን ቢነግሩት «መቼ አጣሁት!» ሳይል አያልፍማ። ፊቱ የተገተረው ጎረቤቱ «ቀስበሉ» ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ አንዴ ከገባው ደግሞ አይወጣለትም። ቀስበሉ እንጀራው ማዶ ካለው የአሻንጉሊት መደብር በር ላይ ነው፤ «አውሎ» የሚባለውን የፊልም ጀግና ልብስ ከነካባው ከነጭምብሉ ለብሶ ልጆች ይጨብጣል። ዛሬ የጀርባው ዚፕ አልከፈት ቢለው፣ ልብሱን እንደለበሰ ጀርባውን ለሰፊው ሰጠ። ሰፊው ዚፑን በማደስ ፈንታ ነቅሎ ጣለውና ከአንገት እስከ ወገብ በዓሣ ማጥመጃ ክር ደርቦ ሰፋው።]

ቀስበሉ፦ ወንድሜ፣ ጀግናው ይቅር። እኔ እንዴት ነው የምወጣው?

መቼአጣሁት፦ አውሎ በየትኛው ፊልም ላይ ነው ሲወጣ ያየኸው?

ቀስበሉ፦ እኔ በር ላይ ነኝ፤ ፊልሙን የት አየሁት?

መቼአጣሁት፦ ይኸው! የማታውቀውን ሰው ለብሰህ ትንገዋለላለህ። እኔ አንድም አላመለጠኝም። ይበራል፣ ፎቅ ይሸከማል፣ ይሞታል። ልብሱን ግን አያወልቅም።

ቀስበሉ፦ ሽንት ቤትስ?

መቼአጣሁት፦ [ትንሽ አስቦ] እሱን አይቀርጹትም።

ቀስበሉ፦ ይሞታል ነው ያልከኝ?

መቼአጣሁት፦ ይሞትና በሚቀጥለው ፊልም ይነሳል። ነገሩ ጥልቅ ነው፤ አይገባህም። ከላይ ይመጣል፣ እንደ ማንኛውም ሰው ያድጋል፣ ማንነቱን የሚያውቅ የለም፣ በመጨረሻ ለሰው ልጅ ብሎ ይሞታል።

ቀስበሉ፦ ይሄን ታሪክ ከየት ነው የማውቀው?

መቼአጣሁት፦ ከማስታወቂያው ይሆናል።

ቀስበሉ፦ የለም፣ እናቴ ናት የነገረችኝ። ያኔ በቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም።

[ቀስበሉ በጠባቡ ልብስ ውስጥ ላቡ ይንቆረቆራል። ከሥሩ የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ከነከረባቱ። ሌሊቱን በካውያ ሲተኩሰው ያደረው።]

ቀስበሉ፦ ሰውዬ፣ ዛሬ እኮ የልጅህ ክርስትና ነው! ሚስትህ ሕፃኑን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች! እኔ ደግሞ የክርስትና አባቱ ነኝ!

መቼአጣሁት፦ የእኔ ልጅ፣ የእኔ ሚስት፤ አንተ ምን ያንጨረጭርሃል? እኔ እንደሆንኩ በተረት አላምንም። እሷ ደስ ይበላት ብዬ ነው።

ቀስበሉ፦ በተረት አታምንም?

መቼአጣሁት፦ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም።

ቀስበሉ፦ አውሎን አይተኸዋል?

መቼአጣሁት፦ በእነዚህ ዓይኖቼ!

ቀስበሉ፦ ተዋናዩን ነው እንጂ።

መቼአጣሁት፦ አንተ ሰው፣ ልብ ታደርቃለህ!

ቀስበሉ፦ የሞተ ጊዜ ሲኒማ ቤት ውስጥ አልቅሰሃል አሉ።

መቼአጣሁት፦ ማን ነው ያለው?

ቀስበሉ፦ ሚስትህ።

መቼአጣሁት፦ ብርድ ነበር! ዓይኔን ሲበርደው ያነባል!

ቀስበሉ፦ «ተነስ፣ ተነስ» እያልክ ነው አሉ የበረደህ።

[ሰፊው መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ቀስበሉ መቀሱን ሲያይ ዓይኑ በራ።]

ቀስበሉ፦ ቅደደው! በናትህ ቅደደው!

መቼአጣሁት፦ የእጄን ሥራ? ይሄ ስፌት ለትውልድ የሚተላለፍ ነው!

ቀስበሉ፦ ከትውልዱ አንዱ ሊጠመቅ እየጠበቀን ነው!

መቼአጣሁት፦ መላ መቼ አጣሁት! በአንገት በኩል ይወጣል። እጅህን አንሳ። እንደዚያ አይደለም፣ እንደሚበር ሰው! [ካባውን ጨብጦ ሽቅብ ይጎትታል። ልብሱ ንቅንቅ ሳይል ቀስበሉ በጣቶቹ ጫፍ ቆመ፤ አንገትጌው አፍንጫው ላይ ደረሰ፤ ካባው ጭንቅላቱ ላይ ተገለበጠ።] አሁን ምን ይታይሃል?

ቀስበሉ፦ ጨለማ።

መቼአጣሁት፦ ጥሩ ነው፤ እየመጣ ነው።

ቀስበሉ፦ እኔ ነኝ የምሄደው! ልቀቀኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ!

[ሰፊው ለቀቀው። ቀስበሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ዘጭ አለ። ካባውን ከፊቱ ገለጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።]

ቀስበሉ፦ ስማኝ ወንድሜ። በዕድሜዬ ሰው ሁሉ «ቁም» ያለኝ በር ላይ ነው። የባንክ በር፣ የሆቴል በር፣ አሁን ደግሞ የአሻንጉሊት በር። «ለልጄ ቁምለት» ያለችኝ ሚስትህ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅ በጨበጥኩ ቁጥር ጸሎተ ሃይማኖቱን በልቤ እደግማለሁ፤ እንዳይጠፋብኝ።

መቼአጣሁት፦ ጭምብል አድርገህ?

ቀስበሉ፦ ማን ያየኛል?

መቼአጣሁት፦ ጉድ እኮ ነው! ልጆቹ «አውሎ ባረከን» ብለው ይሄዳሉ፣ አንተ ውስጥ ለውስጥ ቅዳሴ ትቀድሳለህ። [የሰፊው ስልክ ይጮኻል። የሚስቱን ስም ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።] ወዬ የኔ እመቤት... እዚሁ ነን... አይ፣ ልብሱ ትንሽ አስቸግሮ... ማን ሰፋው? እሱን ቤት ስንገናኝ... ለቄሱ ነገርሻቸው? እ? [ወደ ቀስበሉ] «ኮት ደርቦበት ይምጣ፤ እግዚአብሔር ከዚህ የባሰ አለባበስ አይቷል» አሉ።

ቀስበሉ፦ ተመስገን! ተመስገን!

መቼአጣሁት፦ [በስልኩ] እሺ፣ መጣን... ሌላ ምን?... ማን?... እኔ?... በቃሌ?... ሰው ሁሉ ፊት?... እናትሽም አሉ?... ሃሎ? ሃሎ?

[ስልኩ ተዘግቷል። ሰፊው ፊቱ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጣ። ቀስበሉ በዚህ ሁሉ ዓመት ጉርብትና ይሄን ሰው አፉ ተዘግቶ አይቶት አያውቅም፤ የታመመ መሰለው።]

ቀስበሉ፦ ምነው? ሕፃኑን ምን ነካው?

መቼአጣሁት፦ ቄሱ... ልጅ የሚያስጠምቅ አባት መጀመሪያ ራሱ ጸሎተ ሃይማኖቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይበል ብለዋል። ካልቻለ ተምሮ እስኪመጣ ልጁ ይቆይ።

ቀስበሉ፦ ታዲያ ምን ችግር አለ? ትለዋለሃ።

መቼአጣሁት፦ መቼ አጣሁት!

ቀስበሉ፦ በል እስቲ።

መቼአጣሁት፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ] «በጨለማ ለተያዙ፣ ከፍርስራሽ ሥር ለቀሩ፣ ክንዴን ላልሰስት፣ ካባዬን ላላጥፍ...»

ቀስበሉ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የማን ነው?

መቼአጣሁት፦ የ... የነቢያት ነው።

ቀስበሉ፦ ኤልያስ መጎናጸፊያ ነበረው፤ እንዲህ ማለቱን ግን አልሰማሁም። ይሄ የአውሎ መሐላ ነው፤ መደብሩ መስታወት ላይ ተለጥፏል።

[ሰፊው በአንድ ዝላይ መቀሱን አነሳ። ያንን ለትውልድ የሚተላለፍ ስፌት ከአንገት እስከ ወገብ ሸረከተው። ቀስበሉ ከነከረባቱ ብቅ አለ፤ እንደ ጨመቁት ሎሚ። አመሰግናለሁ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሰፊው አንድ እግሩን ባዶው ልብስ ውስጥ ከትቶ ጭምብሉን አጥልቋል።]

ቀስበሉ፦ ምን እያደረግህ ነው?

መቼአጣሁት፦ ኮቴን ልበስ! ቁመታችን አንድ ነው። አንተ አባትየው ሁን፣ ጸሎቱን በል። እኔ በርህ ላይ ቆሜ ልጆች እጨብጥልሃለሁ። ሥራህም አይጎዳ!

ቀስበሉ፦ አማትህ አያውቁኝም?

መቼአጣሁት፦ ዓይናቸው ደክሟል!

ቀስበሉ፦ ሚስትህስ?

መቼአጣሁት፦ እሷ ትደሰታለች!

ቀስበሉ፦ [ቀስ ብሎ አሰበው፤ በጣም ቀስ ብሎ] ነገ ልጁ አድጎ «በክርስትናዬ ቀን አባቴ የት ነበር?» ቢለኝ ምን እለዋለሁ?

መቼአጣሁት፦ ዓለምን ሲያድን ነበር በለው!

ቀስበሉ፦ አልለውም። ለአንድ ልጅ ውሸታም አባት አንድ ይበቃዋል።

[መንገድ ላይ አንድ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ሰፊው አንድ እግሩ አውሎ ውስጥ፣ አንዱ በራሱ ሱሪ፣ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጭምብሉን አወለቀ።]

መቼአጣሁት፦ [ሰው እንዳይሰማው ጠጋ ብሎ] ...የመጀመሪያው ቃል ምን ነበር?