የጣቢያው አማት

ሬዲዮ ባለበት ሰፈር ሁሉ ከሬዲዮ ጋር የሚጨቃጨቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ የተረጋገጠ ነገር ነው። ደረጃቸው ግን ይለያያል። ጀማሪው «ኤዲያ፣ ውሸት!» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። መካከለኛው ስልክ ይደውላል፤ መስመሩ ሲያዝበት ሚስቱን ይቆጣል። የበቃው ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ጣቢያው በር ድረስ ይሄዳል። ከዚህም በላይ አንድ ደረጃ አለ፤ እዚያ የደረሱት እመት ሕዝብ ብቻ ናቸው።

የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያው የአድማጮች ዴስክ ኃላፊ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቅሬታቸውን የሚቀበለው እሱ ነው። የሚስቱም እናት ናቸው።

ስሙ የወጣላቸው እንዲህ ነው። አንድ ቀን የጠዋቱ ዜና አንባቢ በዚያ ማር በሆነ ድምፁ «የገበያው ድልድይ ጥገናው አልቆ ለመኪና ክፍት ሆኗል» አለ። ግማሹ ከተማ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ድልድዩ ላይ ገና ሲሚንቶ እየተቦካ ነበር። ተጉላልቶ የተመለሰው ሁሉ ሬዲዮውን ሰደበ፤ ከዚያ ረሳው። እመት ሕዝብ ግን የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ጣቢያው አቀኑ።

«ማን ልበል?» አላቸው ዘበኛው።

«ሕዝብ በላቸው።»

«አልገባኝም፣ እናቴ።»

«በሩ ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? የሕዝብ ሬዲዮ አይልም? እንግዲያው ባለቤቱ መጣ በላቸው።»

ዘበኛው የተላከውን ሳያጓድል የሚያደርስ ሰው ነው። ስልኩን አነሣና፣ «ጌታዬ፣ ሕዝብ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ተቆጥቷል» አለ። ቀጥሎ ፎቅ ላይ የሆነውን ኃላፊው ባስታወሰው ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሥራ አስኪያጁ መጋረጃ ጀርባ ገባ። ሒሳብ ሹሟ የጓሮውን በር ቁልፍ ፍለጋ መሳቢያ ሁሉ ገለበጠች። በመጨረሻ አንድ ደፋር በመስኮት ብቅ ቢል፣ ሕዝቡ ብቻቸውን ቆመው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

ኃላፊው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። «እማማ! ምነው፣ በሰላም ነው?»

«እንደምን አደሩ፣ የተከበሩ ኃላፊ? ቅሬታ ነበረኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። እሑድ ምሳ ላይ ይህንኑ ሰው «አንተ ልጅ፣ አጥንትህ ወጣ እኮ፤ ብላ እንጂ!» የሚሉት እኚሁ ሴት ናቸው። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ግን ዝምድና የለም። እሱ ነገሩን በቤት በኩል ለማለስለስ ሞክሮ ነበር። እጁን እየታጠበ፣ «እማማ፣ ለድልድዩ ነገር እርማት ሊነገር ነው» ቢላቸው፣ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። «ምሳ ላይ? በዘመድ? ሙስና ነው! ነገ በበሩ እመጣለሁ፤ እዚያ ትነግረኛለህ።» በነጋታው መጡ። ነገራቸው። እንደ አዲስ ሰምተው፣ ተገርመው፣ አመስግነው ሄዱ።

እርማቱም ተነገረ፤ ጎህ ሳይቀድ፣ በሁለት ዘፈን መካከል፣ ውሻ በሚያባርረው ሰው ፍጥነት። ፀሐይ ሳትሞቅ እመት ሕዝብ በሩ ላይ ነበሩ።

«የተከበሩ ኃላፊ፣ ስሕተቱ ሰው ሁሉ ነቅቶ ሳለ ተነገረ። እርማቱስ ለማን ነው? ለድመት? እኔ እጅጌ ባሳጥር፣ ደንበኛዬ እስኪተኛ ጠብቄ ነው የማስረዝምለት?»

የስፌት ሥራቸውን ሕግ ያወቀ የእመት ሕዝብን ፖለቲካ በሙሉ አወቀ። ደንበኛው ለብሶ፣ ክንዱን አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሳይሞክረው ቁልፍ አይተክሉም። «የት ጋ ነው የያዘህ? ንገረኝ፣ አትፈር» ይላሉ፤ ቅሬታ ካጡም ይከፋቸዋል። ጣቢያውም ሥራውን ማስሞከር የነበረበት በአድማጮች ጉባኤ ነው። በየዓመቱ አመራሩ በአደባባይ ቆሞ እንዲጠየቅ ደንቡ ያዛል። ይጠራልም፤ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ረፋድ፣ ፎቁ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል። ተሰብሳቢዎቹ የሠራተኞች ባልና ሚስቶች ናቸው። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መቼ ነው የምንወጣው?»

እመት ሕዝብ ጉባኤው ማታ ከሥራ በኋላ፣ በከተማው ትልቁ አዳራሽ ይሁን ብለው ተነሡ። ቅስቀሳ የጀመሩት እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ነው፤ ዘዴውም የሚደነቅ ነው። ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው በርጩማ ላይ ይወጣል። በወገቡ፣ በብብቱና በቁርጭምጭሚቱ ስፒል ይሰካበታል። ከዚያ ወዲያ የትም አይሄድም። ቢንቀሳቀስ ይወጋል፤ ቢከራከር ይተነፍሳል፤ ቢተነፍስም ይወጋል። በዚህ ሁኔታ የከተማው ፀጉር አስተካካይ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣ ሁለት ሙሽሮችና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ስለ ሕዝብ ሬዲዮ ባለቤትነት ሙሉ ትምህርት ወሰዱ።

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ ኃላፊውን አስጠራው።

«ስማ፣ በዚህ ከተማ ቅሬታ የሚያቀርበው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አማትህ። ለአንድ አማት አንድ ዴስክ አይበዛም? ወይ ዝም አሰኛቸው፣ ወይ ዴስኩን እዘጋዋለሁ። አንተም እንጀራህን ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ።»

ኃላፊው ሊለምናቸው ሱቃቸው ሄደ። ገና አፉን ሳይከፍት፣ «ሱሪህ መሬት እየጠረገ ነው፤ በርጩማው ላይ ውጣ» አሉት። ወጣ። ስፒል በስፒል አደረጉት።

«እማማ፣ ዴስኩን ዘግተው እንጀራዬን ሊያሳጡኝ ነው።»

«ማነው ያለው? ዝም ብለህ ቁም!»

«ሥራ አስኪያጁ። ከእርስዎ በቀር ቅሬታ ያለው ሰው የለም ይላል። አይ፣ እማማ፣ ቁርጭምጭሚቴ!»

እመት ሕዝብ በጥርሳቸው የያዙትን ስፒል አወጡ። «ብቻዋን ናት ካለ፣ ጉባኤውን ማታ ይጥራና ይቁጠረን።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ከልቡ ሳቀ። «ይሁን! በቀጥታ ሥርጭት እናስተላልፈዋለን፤ ባዶ ወንበሩን አገር ይስማው! ዴስክህ በማግስቱ ይዘጋል።» ማስታወቂያው ደጋግሞ እንዲነገር ያዘዘውም ራሱ ነው።

የጉባኤው ዕለት ማታ ኃላፊው የአዳራሹን በር ከፈተ። መጀመሪያ አምስት ሰው ገባ። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ከነደንበኞቹ፤ አንደኛው ግማሹን ብቻ ተላጭቷል። ርእሰ መምህሩ ከመምህራኑ ጋር። ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው። ድልድዩ ያጉላላቸው ሾፌሮች በጠቅላላ። ወንበር አለቀ፤ ደረጃው ሞላ፤ መስኮት ላይ ተቀመጡ። መድረኩ ላይ ያለው ሥራ አስኪያጅ ክራቫቱን አላላ፤ መልሶ አጠበቀ፤ እንደገና አላላ።

ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ እመት ሕዝብ ጋ ደረሰ። አዳራሹ ሊስቅ ተዘጋጀ።

«ከባሌ ሞት ወዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በቤቴ ውስጥ የሚያወራኝ የእናንተ ጣቢያ ነው። ስሰፋም፣ ስበላም። ጠዋት የሚያነበው ልጅ ጉንፋን ሲይዘው እኔ እሠጋለሁ። እወዳችኋለሁ። ግን ቤቴ ውስጥ ውሸት እንዲወራ አልፈቅድም። ስትሳሳቱ፣ በተሳሳታችሁበት ሰዓት ተሳስተናል በሉኝ። ይህን አቤት የምንልበትን ዴስክም አትዝጉብን። ኃላፊው አማቼ ነው፤ ይህን ሁሉም ይወቀው።»

የሳቀ የለም። ኃላፊው አማቱ ለአንድ ቃል ይህን ያህል የሚደክሙት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ዘረጋ። «ጣቢያችን ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ያስመዘገባቸውን ዘርፈ ብዙ ስኬቶች በአጭሩ ለመዳሰስ ያህል...»

«መልሱን!» የሚል ጩኸት ኃላፊው ከተቀመጠበት ጥግ ተሰማ።

ኃላፊው ማን ይሆን ይህ ደፋር ብሎ ዞር ዞር አለ። ሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚያየው።

በቀጥታ ሥርጭት አገር ምድሩ እየሰማ፣ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አጠፈ። «እርማቱ... ስሕተቱ በተነገረበት ሰዓት ይነገራል» አለ። ወደ ሞላው አዳራሽ አየት አደረገ። «ዴስኩም አይዘጋም።»

ኃላፊው ዘሎ ተነሥቶ አጨበጨበ። ወዲያው የጣቢያው ሠራተኛ መሆኑ ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከበፊቱ አስበልጦ አጨበጨበ።