ላሊበላ ድረስ የሄደው ቀይ ጥፍሬ

ዛሬ የሆንኩትን ጉድ ስሙኝማ! አፋችሁን ይዛችሁ ስሙ!

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ፌስቡኩን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሶስና ናት። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ደሞ ትስቃለች። ሳቂ! ያጋለጥሽኝ አንቺ አይደለሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጄ አልማዝ ሕፃን ሆና ንዳድ ያዛት። ተስፋ ቆርጠን ነበር። ደረቴን ደቅቼ "ቅዱስ ላሊበላ ሆይ፣ ይቺን ልጅ ማርልኝና ለገና በእግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ዳነች። ይኸው ዛሬ እዚህ ዶሃ፣ ናጅማ ሰፈር ትልቅ ሴት ሆና እኔን ትቆጣለች።

በእግሬም ሄድኩ! አስራ ሁለት ቀን! በባዶ እግሬ!

ብዬ ነበር የማወራው።

ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህች ወሬ ኖሬያለሁ። አልማዝ የቲቪውን ሪሞት ስትቀማኝ፣ "ላንቺ ስል ላሊበላ በእግሬ የሄድኩ ሴት!" ሪሞቱ ይመለሳል። የመኪናው የፊት ወንበር? "አስራ ሁለት ቀን!" አልማዝ ከኋላ ትገባለች። ሐኪም ስኳር ቀንሺ ብሎሻል ስትለኝም እንደዚያው። ሁለት ማንኪያ ይጨመርልኛል።

ዘይነባማ ተዉት! ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ማዳም ቤት ወጥ የምትሠራ። ዓርብ ዓርብ እኛ ጋ ነው የምትውለው። "እማማ በለጡ፣ በዚያ እግርዎ ዱዓ ያድርጉልኝ" ትለኛለች። በእግር ዱዓ ሲደረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ ዘንድሮ የአልማዝ ባል ግርማ ፈቃድ አገኘ። "ገናን ላሊበላ!" አለ። "መንገዱን እማማ ያሳዩናል!"

ወይ ጣጣዬ!

ከዶሃ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በትንሿ አውሮፕላን። ከማረፊያው በመኪና ወደ ከተማው ስንወጣ "ይኸው፣ በዚህ ነው የመጣሁት" እላለሁ። ሾፌሩ "እናቴ፣ ይሄ መንገድ እኮ አዲስ ነው" አይለኝ መሰላችሁ!

ነጠላዬን ተከናንቤ በመስኮት ማየት ጀመርኩ።

ቤተ ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ደግሞ አንገቴን ሰቅዬ ጉልላት ፍለጋ ጋራ ጋራውን አያለሁ። ከሦስት ቀን መንገድ ይታያል እያልኩ ነዋ ሳወራ የኖርኩት! ሶስና ነጠላዬን ጎተተችና "እምዬ፣ ወደ ታች!" አለችኝ። ለካ ከድንጋይ ፈልፍለው መሬት ውስጥ ነው የሠሩት! ከእግሬ ሥር! ትንሽ ብራመድ ጣሪያው ላይ ነበር የማርፈው።

"ፈተንኳችሁ!" አልኩ።

የገና ለት ካህናቱ ከላይ ከታች ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ፣ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ አለቀስኩ። ሰው በደስታ መሰለው። ግማሹ ፍርሃት ነበር።

በየቤተ ክርስቲያኑ በር ጫማ ማውለቅ ማጥለቁ ሰለቸኝና ጫማዬን ለግርማ አሸክሜ በባዶ እግሬ ዞርኩ። ሲደክመኝ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

እዚያ አገር ልማድ አለ። በእግሩ የመጣውን የገና መንገደኛ ያገሬው ሰው እግሩን ያጥበዋል። አንዲት ወጣት ሴት ውኃ ይዛ መጣችና ተንበርክካ እግሬን ያዘች።

"እናቴ፣ ስንት ቀን ፈጀብዎ?"

በአውሮፕላን ነው የመጣሁት ማለት ምን ያቅታል?

"አስራ ሁለት!"

ምላሴ ለምዶት፣ ምን ላድርግ!

አቧራው ሲለቅ ጥፍሬ ብቅ አለ። ቀይ! እንደ በርበሬ! ሶስና ነች እዚሁ ዶሃ፣ የአረብ ድራማ እያየሁ እንቅልፍ ሲወስደኝ የቀባችኝ። (እንቅልፍ አልወሰደኝም። አማረኝና ዝም አልኩ!)

ልጅቷ አንዴ ጥፍሬን፣ አንዴ ፊቴን አየች።

"እናቴ፣ ይሄኛው አይለቅም" አለችኝ።

ከዚያ እግሬን ሳመችው። ልማዱ ነው። ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ።

ደግነቱ ማንም አላየኝም ብዬ ተነሳሁ።

የሶስናን ካሜራ ማን አሰበው!

ዛሬ ዓርብ፣ እንኳን ደህና ገባችሁ የሚል ሰው ቤታችንን ሞልቶታል። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ "እግሬን አጠቡኝ! ሳሙልኝ!" እላለሁ። የዘይነባ ዓይን እንባ አቅርሯል። ሶስና ሆዬ ካሜራውን በገመድ ቲቪው ላይ ሰካችው።

አውራ ጣቴ ቲቪውን ሞላው! ቲማቲም! ቀጥሎ ድምፄ፦ "አስራ ሁለት!"

ዘይነባ ግራ ገባት። "እማማ በለጡ፣ ኤርፖርት የሸኘሁዎ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አልማዝ ብቻ አልሳቀችም።

"እማዬ፣ ቤተ ጊዮርጊስን ሽቅብ ስትፈልጊ ጠርጥሬሽ ነበር። ያኔስ? ለኔ የተሳልሽ ጊዜ ደርሰሻል?"

ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር። ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"በሦስተኛው ቀን ሙክት አየሁ።"

"ሙክት?"

"አክስቴ ደጅ። ለገና የታሰረ። እግሬም ተልጦ ነበር፣ ጠላዋም ደርሶ ነበር… የቀረውን ዘጠኝ ቀን እዚያው ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ አንቺን ራስሽን ባመመሽ ቁጥር ስለቴ ነው እያልኩ ስፈራ ኖሬያለሁ።"

አልማዝ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሻንጣዬን ልታወጣ መሰለኝ፤ አገሬ ልትሰደኝ!

ጥጥና ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ይዛ ወጣች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበርክካ እግሬን ያዘች።

"ለኔ አይደል የተሳልሽው? የማስከፍልሽም እኔ ነኝ። ለከርሞ ገና ከአክስትሽ ቤት ጀምረን ቀሪውን አብረን በእግር። እስከዚያ በየቀኑ ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ ድረስ እየሄድሽ ትለማመጃለሽ። ኸላስ!"

"ያላ!" አለች ዘይነባ። "መንገዱን አውቀዋለሁ። ሙክት ያለበት ደጅ ስናልፍ ዓይንዎን የምሸፍነው እኔ ነኝ፣ ኢንሻአላህ!"

አልማዝ ዘጠኙን ጥፍር አጸዳች። "ትንሿን ጣት ተዪልኝ፣ ታምርብኛለች" አልኳት። ተወችልኝ።

አሁን ሪሞቱ እሷ ጋ ነው። ስኳሩም አንድ ማንኪያ። ነገ ይጀመራል ተብዬ ስኒከር ተገዝቶልኛል።

እስቲ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ፦ ከናጅማ ኮርኒሽ በእግር ስንት ቀን ይፈጃል?

አስራ ሁለት እንዳትሉኝ ብቻ!