ጣቢያ ላይ የቀረችው አስካለ

እትዬ በላይነሽ በድለውኛል። የውሃና የአጥር ጠብ እንዳይመስላችሁ፤ የምወዳቸውን ደራሲዎች በሙሉ በአንድ ቀን ያሳጡኝ ሴት ናቸው።

ሰው «የምትወጂው ደራሲ ማን ነው?» ሲለኝ እንደ ተማረ ሰው ስም አልደረድርም። እኔ ደራሲ የምመርጠው በጠባዩ ነው። ሰዎቹ ምሳቸውን ምን እንደበሉ የሚነግረኝን እወዳለሁ። ለቤት ሠራተኛዋም ስም የሚያወጣላትን እወዳለሁ። ሦስት ገጽ ሙሉ ፀሐይ የሚያጠልቅብኝን ግን ዘልዬው አልፋለሁ፤ ፀሐይዋ እንደሆነች እኔ ባላነባትም መጥለቋ አይቀርም።

ይህን አመል ያስለመዱኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ያኔ አቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር፤ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ኮረዳ፣ እሳቸው ከመካከላችን ማንበብ የሚያውቁ ብቸኛዋ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፀጉራችን ላይ የነጣውን ጥጥ ሳናራግፍ ከመጋዘኑ ጀርባ እንከባቸውና፣ ከሱቅ የተከራዩትን ልቦለድ ያነቡልናል። እንዳይቆሽሽ በካላንደር ወረቀት ስለሚሸፍኑት ርዕሱንም የደራሲውንም ስም አይተን አናውቅም። ማን ስም ፈለገ?

ከሁሉም የአስካለ ታሪክ በለጠብን። አስካለ ባሏን ጥላ ድሬዳዋ ገባች። ሠራተኛዋ ዓለሚቱ «አልለይሽም» ብላ ተከተለቻት። ሁለቱ ሽሮ እየበሉ ስፌት ቤት ከፈቱ። ወራት ፈጀ ንባቡ። በመጨረሻ፣ በሕፃንነቷ የወሰዱባት ልጇ በባቡር ትመጣለች ተብሎ አስካለ ጣቢያ ቆማለች፤ ጭሱ ከሩቅ መታየት ጀምሯል፤ እዚህ ላይ የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ። በማግስቱ እትዬ በላይነሽ የቅነሳ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ አገራቸው ገቡ ተባለ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ያ ባቡር መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አስካለ የለችም።

ባለፈው ወር ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን ብገልጥ፣ አስካለ የምትባል ሴት፣ ልክ እትዬ በላይነሽ በመጀመሪያው ቀን እንዳነበቡልን፣ በዝናብ ከአውቶቡስ ትወርዳለች። ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት። ታክሲ ውስጥ ጀመርኩት። እኩሌታው ላይ ሳልደርስ አስካለ በሳንባ በሽታ ሞተች! ድሬዳዋ የለ፣ ባቡር የለ። ሠራተኛዋ «ሠራተኛዋ» ናት፤ ስም እንኳ አልተረፋትም። የቀረው ገጽ የባልየው ለቅሶና የፀሐይ መጥለቅ ነው።

እትዬ በላይነሽ ቱሉ ዲምቱ ልጃቸው ቤት መግባታቸውን ከሰው ሰምቼ፣ መጽሐፉን ታቅፌ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ በእግር ነው፤ ንዴቴ ባይገፋኝ አልወጣውም ነበር። ምስር ሲለቅሙ ደረስኩ።

«እትዬ፣ ዋሽተውናል!» ብዬ መጽሐፉን ዘረጋሁላቸው።

«ውይ ጥሩዬ! ሌላ ደንበኛ ይፈልገዋል ብሎ ባለሱቁ በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ነጠቀኝ እኮ። እናንተ ደግሞ ዳቦአችሁን ይዛችሁ አፍ አፌን ታያላችሁ። ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ወር ገጹን የሚገልጡት የምኑን ነበር?»

«የሠራተኛ ማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ።»

በዚያ ደንብ ስንቴ እንዳለቀስኩ እኔና መሐረቤ እናውቃለን። ሽሮውም የዓለሚቱ ስምም፣ በደራሲ የምወደው ጠባይ ሁሉ፣ የእሳቸው ነበር ማለት ነው።

«ለመሆኑ መጨረሻዋ እንዴት ሆነ?» አሉኝ ደግሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሞተች። ገና እኩሌታው ላይ።»

«አስካለ? ማን ገደላት?»

«ደራሲው።»

«እጁን ይቁረጠው!» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ደረጃውን ስወጣ በቃሌ የያዝኩት ረጅም ወቀሳ ነበረኝ። የት እንደገባ እንጃ። አስካለ መጽሐፉ ውስጥ ከሞተች፣ ያ ባቡር የሚገኘው በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሰፌድ ታቅፈው የሚያለቅሱት እኒህ ሴት ዘንድ። እሳቸውን ደግሞ ሰባው አልፏቸዋል፤ ሲናገሩም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሰፌዱን ከጭናቸው አነሳሁ፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እንዲህ አልኳቸው፦

«እትዬ፣ የሞተችው የሱ አስካለ ናት። የኛዋ ይኸው እስከ ዛሬ ጣቢያ ላይ ቆማለች። ፊሽካ የለብን፤ በሉ ይቀጥሉ፦ ልጅቷ ከባቡሩ ወረደች ወይስ አልወረደችም?»