ጋሽ ጢጥና የማትዋሸው መሣሪያ

ጋሽ ጢጥ ሥራቸውን የሚጀምሩት መስኮት በመክፈት ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም መስኮት፣ ከዚያ በሩን። ቀጥለው ከደረት ኪሳቸው የቀለም ብሩሽ ያወጣሉ። ቀለም ቀምሶ የማያውቅ፣ ፀጉሩ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ብሩሽ ነው። ወንበር ላይ ይወጡና ኮርኒሱ ላይ የተገጠመችውን ክብ የጭስ ጠቋሚ ከአቧራ ያጸዷታል፤ ጠረግ፣ ጠረግ፣ እፍ። ክብሪት ይጭሩና ያጠፉታል፤ የሚጨሰውን እንጨት ከሥሯ ይይዙላታል። ትጮኻለች። ጋሽ ጢጥ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚወዱት ዘፈን እንደተከፈተላቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ከወንበሩ ወርደው ይንበረከካሉ። የጋዝ ጠቋሚዋ ያለችው ወለሉ አጠገብ ነው፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ታች ነው የሚተኛው። የሲጋራ ላይተር ሳይለኩሱ ጋዙን ብቻ ያስተነፍሱላታል። እሷም ትጮኻለች። በመጨረሻ ወደ ውጭ ይወጡና ቤቱ ለጉተታ ከመኪና ጋር ከሚያያዝበት ብረት ላይ የባትሪውን ሳጥን ይከፍታሉ። ክዳኖቹን ይፈታሉ፣ በስሪንጅ የባትሪ ውሃ ይጨምራሉ፣ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ግራሶ ይቀባሉ፣ የቻርጀሩን መቆንጠጫ ቀዩን በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ ያስነክሳሉ።

«መሣሪያ አይዋሽም» ይላሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ። «የሚዋሽ ሰው ነው።»

ይህን ሁሉ ያደረጉት በራሳቸው ቤት ቢሆን ማንም ምንም ባላለ። ቤቱ ግን የግሬደር ነጂው ነው። ግሬደር ነጂው ደግሞ ገና ከአልጋው አልወረደም፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ «ማን አስገባቸው?» በሚል ዓይን ያያቸዋል።

ሰው በሰፈረበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። እናንተ ዘንድ የለም ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

እኛ መንገድ ሠሪዎች ነን። መንገዱ በገፋ ቁጥር ቤታችንም አብሮ ይገፋል፤ ጎማ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። አልጋው፣ ምድጃውና ጠረጴዛው አንድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጋዝ ቢያፈስ መሸሻ ስለሌለው በየቤቱ አንድ የጭስ፣ አንድ የጋዝ ጠቋሚ ተገጥሟል፤ የጭሷ በራሷ ትንሽ ባትሪ፣ የጋዟ በቤቱ ትልቅ ባትሪ ይሠራሉ። ክቡር ጋሽ ጢጥ በሙያቸው የውሃ ፓምፕ ኦፕሬተር ናቸው። የጠቋሚዎች የበላይ ጠባቂ፣ የባትሪዎች ሞግዚት፣ የጭስና የጋዝ ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽነር አድርጎ የሾማቸው የለም። ሹመቱ ከራሳቸው የመጣ በመሆኑ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ስማቸውንም ያወጣችላቸው መሣሪያዋ ናት፤ ኃይል ሲያንሳት «ጢጥ» ትላለች፣ እሳቸው ደግሞ ያችን ጢጥ ከፓምፑ ጩኸት መሀል ለይተው ሰምተው ሥራቸውን ጥለው ይመጣሉ።

አንድ ቀን የግሬደር ነጂውን ጭስ ጠቋሚ ሆዷን በካቻቢቴ ከፍተው ባዶ አገኙት።

«ባትሪዋስ?»

«ሪሞት ውስጥ ነው ጋሼ።»

«ሪሞት ውስጥ?»

«ኳስ ነበረ።»

«ቤትህ ሲቃጠል በሪሞቱ ነው የምታጠፋው?»

«ቻናል እቀይራለሁ ጋሼ።»

ጋሽ ጢጥ ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩትም። ጠቋሚዋን ግን በየጠዋቱ እየመጡ አናገሯት።

ሌላ ጊዜ ቀያሿ ሽንኩርት ስታቁላላ አላርሟ ጮኸ። ጋሽ ጢጥ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ «ሁሉም ይውጣ! እቃ እንዳትይዙ!» እያሉ ካምፑን ባዶ አደረጉት። ሻወር ውስጥ የነበረው በያጅ ሳሙናውን ሳያለቃልቅ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ሰልፉ ውስጥ ገባ። አረፋው ዓይኑ ውስጥ እየወረደ፣

«ጋሼ፣ ምንድነው የተቃጠለው?» አለ።

«ሽንኩርት።»

«ብቻውን?»

«ለዛሬ ብቻውን ነው» አሉ ጋሽ ጢጥ፣ የነገውን በሚያውቅ ሰው ድምፅ።

እንግዲህ እኚህ ሰው፣ የካምፑን ባትሪ ሁሉ በሳጥኑ የሚጠብቁት፣ የራሳቸውን ባትሪ ግን ውጭ ማሳደር አልሆነላቸውም። «ውጭ አቧራ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሌባ ነው» ብለው ከአልጋቸው ሥር፣ ከባለቤታቸው ሻንጣ ጎን፣ እጥፍ ጨርቅ አንጥፈው አስተኙት። ባትሪው አርጅቷል። ጡረታ ይገባዋል ያላቸውን ሁሉ ተቀየሙ። ቻርጅ ሳይደረግ ሲቀር የጋዝ ጠቋሚዋ «ጢጥ፣ ጢጥ» እያለች ትነጫነጫለች። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ልቧ እስኪጠፋ ትጮኻለች። ሲርባት ታለቅሳለች፣ ስትጠግብ ትሳደባለች። ከጩኸቱ ጋር ደግሞ የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ቤቱን ይሞላዋል።

የሲሊንደር ጋዝ እንዲታወቅ ተብሎ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል። ስለዚህ ጋሽ ጢጥ ጋዝ ፈሷል ብለው ደመደሙ። የሳሙና አረፋ በጥብጠው የጋዙን ጎማ መገጣጠሚያ ሁሉ ቀቡት፤ አንድም ቦታ ቡልቅ አላለም። ሲሊንደሩን ፈትተው፣ ተሸክመው፣ ከካምፑ ጫፍ ብቻውን አቆሙት። ባለቤታቸው ለሰሞኑ የሚያበስሉት ቀያሿ ዘንድ ሆነ። ጠቋሚዋ ጮኸች። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ ጋሽ ጢጥ፣ ጸሐፊ ጋሽ ጢጥ፣ አባላት ጋሽ ጢጥ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ እንቁላል መቀቀልን ከለከለ። ጠቋሚዋ ጮኸች። ኮሚቴው ወደ በያጁ ዞረ።

«ካልሲህን ከዚህ ገመድ ላይ አንሳና ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ስቀለው።»

«ጋሼ፣ ካልሲዬ ጋዝ አያመነጭም።»

«መሣሪያ አይዋሽም።»

«መሣሪያዋ ካልሲዬን መቼ አየችው?»

«አላየችውም። ሸተታት።»

በያጁ ካልሲውን ይዞ ሄደ። ሲመለስ ጠቋሚዋ አሁንም እየጮኸች ነበር፤ እሱም በደስታ አጨበጨበላት።

በዚህ ሁሉ መሀል እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ ባለቤታቸው፣ የሁላችንንም የሥራ ልብስ የሚሰፉት፣ እትዬ የምንላቸው ሴት።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ፣ «ሽታው ከአልጋው ሥር ነው።»

«አፍንጫ መሣሪያ አይደለም።»

«የኔ አፍንጫ?»

«የማንም አፍንጫ። ምስክር ወረቀት የለውም።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ስፌት መኪናቸው አዞሩ። ያ ፊት ማዞር ጋሽ ጢጥን ከጠቋሚዋ ጩኸት በላይ ሊያስፈራቸው ይገባ ነበር።

አንድ እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ ካምፑ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ጠቋሚዋ እንደገና ጩኸቷን አቀለጠችው። እትዬ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ተነሱ። እኛ ውጭ የቤቱን ጎማ የምንፈትሽ መስለን ቆመናል፤ ጎማው ደህና መሆኑን ካረጋገጥን ቆይቷል።

«እንቅልፍ ካየሁ ሰነበትኩ» አሉ እትዬ። «ልብስ ልስፋ ብል ጣቴን እየሰፋሁ ነው። ወይ እሷን ንቀል፣ ወይ እኔ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ከሄድኩ ደግሞ መንገዱ አልቆ፣ ግንብ ቤት እስክንገባ አልመለስም።»

ጋሽ ጢጥ ተንበረከኩ። እጃቸው የጠቋሚዋ ገመድ ላይ ደረሰ። በበሩ ስንጥቅ ለማየት ሁላችን ተጋፋን። እጃቸው ቆመ።

«ብነቅላትና አንቺ እዚህ ተኝተሽ እውነተኛው ጋዝ ቢመጣስ?»

«ካልነቀልካትማ እኔ እህቴ ጋ ነኝ።»

ጋሽ ጢጥ አሰቡ። እንደ ፓምፕ ኦፕሬተር ነው ያሰቡት፤ ግፊቱ ወዴት ይሂድ፣ አደጋው የት ይቀንስ ብለው። ከነቀሏት ሚስታቸው አብረዋቸው ይቆያሉ፣ ግን ጠባቂ በሌለበት ቤት ይተኛሉ። ካልነቀሏት ሚስታቸው ይሄዳሉ፣ ግን ደህና ይሆናሉ። ስሌቱ ግልጽ ነበር።

«እንግዲያው» አሉ እጃቸውን ከገመዱ ላይ እያነሱ፣ «ብትሄጂ ይሻላል።»

ውጭ ያለነው ሁላችን ራሳችንን ያዝን። ግሬደር ነጂው «በቃ፣ ሰውየው አለቀላቸው» አለ በሹክሹክታ። እትዬ የባላቸውን ቃል የሰሙት ማንም ሚስት እንደምትሰማው ነበር፤ ለአንዲት ጩኸታም ቆርቆሮ ተብለው የተሸኙ ሆነው።

«ከአፍህ ወጣ?»

«ለደኅንነትሽ ብዬ…»

«ደኅንነቴን እህቴ ጋ አገኘዋለሁ!»

የአልጋውን ጣውላ በአንድ እጃቸው ቀና አድርገው፣ በሌላው የሻንጣቸውን እጀታ ያዙና ጎተቱ። እጀታው መጣ። ክዳኑም መጣ። የሻንጣው ሥር ግን በነበረበት ቀረ። የክት ቀሚሳቸውን ሲያነሱት ጫፉ እንደ ወንፊት ሆኖ፣ ብርሃን በየቀዳዳው አለፈ።

«ሻንጣዬን ምን በላው?»

ጋሽ ጢጥ አንገታቸውን ወደ አልጋው ሥር አሰገጉ። ባትሪው ጎኖቹ ተነፍተው፣ እንደ ድስት እየተንተከተከ፣ በክዳኖቹ በኩል ያፏጫል። እጃቸውን ጠጋ ሲያደርጉ ሙቀቱ ገፈተራቸው። ከውስጥ ክፍሎቹ፣ ከሴሎቹ፣ አንዷ ሞታለች፤ አልሞላ ብላለችና ቻርጀሩም አላቆም ብሏል። ባትሪው ፈልቶ የአሲድ ጉም ሻንጣው ላይ ሲተፋ፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ደግሞ ወለሉ ላይ ወዳለችው ጠቋሚ ሲልክ ከርሟል። የገማው እንቁላልም እሱ ነበረ። የበያጁ ካልሲ በነፃ ተለቀቀ።

«ውጪ!» አሉ ጋሽ ጢጥ። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከሩ፣ የሻንጣውን ክዳን እንደያዙ ወጡ።

ጋሽ ጢጥ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። መቆንጠጫውን አልነኩትም፤ በዚያ አየር ውስጥ መቆንጠጫ ቢያላቅቁ አንዲት ብልጭታ ትበቃ ነበር። የቻርጀሩ ገመድ በመስኮት ነው የሚገባው፤ ውጭ ወጥተው፣ ገመዱን ተከትለው፣ ከጄኔሬተሩ ሶኬት ነቀሉት። ማንም እንዳይጠጋ ብለው በሩ ላይ እንደ ዘብ ቆሙ። ቤቱ ሲተነፍስና ባትሪው ሲበርድ ጓንት አድርገው ተሸክመው አወጡት። ጠቋሚዋ ያኔ ዝም አለች። ስትጮኽ የከረመችው እውነቷን ነበር።

ጋሽ ጢጥ ባለቤታቸው ፊት ቆሙ።

«ከአልጋው ሥር ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

«አልሰማሁሽም።»

«ጆሮህ እሷ ጋ ነበራ።»

«ሂጂ ያልኩሽ…» አሉና ጓንታቸውን አወለቁ። «አንቺ ደህና ሆነሽ እኔ ብቻዬን ጩኸቷን ብሰማ ይሻላል ብዬ ነው።»

እትዬ ወደ ባትሪው አዩ፣ ወደ ቀሚሳቸው አዩ፣ ወደ ሰውየው አዩ። «እስቲ አሁን እህቴ ጋ በምን ልሂድ? በፌስታል?»

«እኔ ሻንጣ አለኝ እትዬ» አለ በያጁ። ግሬደር ነጂው እግሩን ረገጠው።

«የማንንም ሻንጣ አልፈልግም። ለአፍንጫዬ ምስክር ወረቀት ይጻፍልኝ» አሉ እትዬ። ተጻፈላቸው። ሰብሳቢውም፣ ጸሐፊውም፣ አባላቱም ፈረሙበት።

በማግስቱ ጋሽ ጢጥ አዲስ ባትሪ ሊገዙ ወደ ከተማ ሄዱ። እኛም ያን ጠዋት እፎይ ብለን ልናሳልፈው ነበር። የሚመጡበት ሰዓት ደርሶ አለፈ። በር ሳያንኳኳ የገባ የለም፣ መስኮት የከፈተ የለም። ግሬደር ነጂው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እየተነጫነጨ ተነሳ፣ ወንበር ላይ ወጣና የጭስ ጠቋሚዋን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫነ። ጮኸች። ጥቂት ቆይቶ የቀያሿ ቤት ጮኸ። ቀጥሎ የበያጁ። ሁሉም ሰምቷል። ሰውየው ሲኖሩ የምንሸሻቸውን ያህል፣ ሳይኖሩ ናፍቀውን ነበር።

አመሻሹ ላይ ባትሪውን በአንድ እጅ፣ አዲስ ሻንጣ በሌላው ይዘው ተመለሱ። ባትሪው ውጭ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሻንጣውን እትዬ ከእነ መክፈቻው ተቀብለው የስፌት ጨርቅ ሞሉበት፤ እህታቸው ጋ እስካሁን አልደረሰም።

ይህ ጽሑፍ እንደሚጻፍ ሲነገራቸው ጋሽ ጢጥ አልተቆጡም። «የፈለጋችሁትን ጻፉ» አሉ። «ለሚያነበው ሰው ግን አንድ ልመና አለኝ፣ እንደነገርኳችሁ አድርጋችሁ አድርሱልኝ። አሁኑኑ ተነስቶ የጠቋሚዋን መሞከሪያ ቁልፍ ይጫን። ዝም ካለች ባትሪዋን ይቀይር። ሳይጫናት ከጮኸች ደግሞ አይምታት፣ አይንቀላት፤ መስኮት ይክፈት፣ ሰው ያስወጣ። ቤቱ ውስጥ ‹ይሸተኛል› የሚል ሰው ካለ ‹ከየት ነው?› ብሎ ይጠይቀው፣ መልሱንም ይስማው። ሌላው ይቅር፣ ይህቺን ብቻ እለምነዋለሁ፦ የጎረቤቱን ካልሲ ከመክሰሱ በፊት የራሱን አልጋ ያንሳ።»